ሞተሩ ይዞራል፣ እሳት ግን የለም
ወደ ሙሳኽ ከመሄድዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ



ወደ ቢሯችን የሚመጡ ቤተሰቦች የሚይዟቸው ወረቀቶች አብዛኛውን ጊዜ የታወቁ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ጥሪ፣ የአርኖና ሂሳብ፣ የቢቱዋኽ ለኡሚ ደብዳቤ፣ የሐኪም ቀጠሮ። ከእነዚህ ጋር ግን የሙሳኽ ሂሳብም ይመጣል። አባትየው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «ይህን ሁሉ ገንዘብ የከፈልሁት ለምን እንደሆነ አንብቡልኝ» ይላሉ። ሂሳቡ ተከፍሏል፤ መኪናው ግን አሁንም ከቤታቸው ሥር ቆሟል።

እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች እንጂ መካኒኮች አይደለንም። ሆኖም የመኪና መቆም ለቤተሰብ ችግር መነሻ ሲሆን ደጋግመን አይተናል። ለማለዳ ፈረቃ ጎሕ ሳይቀድ ከቤት መውጣት ያለበት ሰው አውቶቡስ ሥራ ሳይጀምር በምን ይሄዳል? በኮኣኽ አዳም በኩል የሚሠራ ሰው ሁለት ቀን ከቀረ በሦስተኛው ቀን ቦታው ላይ ሌላ ሰው ሊያገኝ ይችላል። መኪናው የተገዛው ወንድም ወይም አማች ዋስ ሆኖ በብድር ከሆነ ደግሞ ጭቅጭቁ ወደ ዘመድ ይተላለፋል።

ስለዚህ በዚህ እትም ስለ አንድ ብልሽት ብቻ ልንጽፍ ወሰንን። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ እንደ ወትሮው ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ሲመረመርም «ኤን ኒጾጽ»፣ እሳት የለም ይባላል። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። እሳት ሲጠፋ በአንዳንድ ሙሳኽ ውስጥ መጀመሪያ ስሙ የሚነሳው ከዕቃዎቹ ሁሉ ውዱ፣ የሞተሩ ኮምፒዩተር ነው። ከማኅበረሰባችን ወጥተው በመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ብዙ ዓመት የሠሩ ሰዎችን ስንጠይቅ ግን የነገሩን የተገላቢጦሽ ነው። ኮምፒዩተሩ ከሚጠረጠሩት ሁሉ የመጨረሻው መሆን አለበት፤ ቀድሞ መታየት ያለበት ሽቦውና መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጨመረበት ነገር ነው ይላሉ።

እሳቱ ከየት ይመጣል?

እንጨቱ ቢደርቅ፣ ነፋሱም ቢነፍስ፣ ክብሪት ካልተጫረ ምድጃ አይነድም። የቤንዚን ሞተርም እንዲሁ ነው። ቤንዚን ከአየር ጋር ተደባልቆ ወደ ሞተሩ ይገባል፣ ፒስቶኑ ይጨምቀዋል፣ በዚያች ቅጽበት ካንዴላው ብልጭ ይላል። ካንዴላ እዚህ አገር ፕላግ ይባላል፤ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ማጼት ይሉታል። በካንዴላው ጫፍ ያለው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ያችን ጠባብ ክፍተት በተጨመቀ አየር መካከል ዘልሎ ለማለፍ የባትሪው 12 ቮልት አይበቃም፤ ከ20,000 ቮልት በላይ ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ትንሽ ኃይል ወደ ትልቅ የሚለውጠው ኮይል የሚባለው ዕቃ ነው።

ኮይሉ ግን በራሱ አይሠራም፤ መቼ እንደሚተኩስ ትእዛዝ ይጠብቃል። ወላጆቻችን በሚያውቋቸው አሮጌ ፔጆና ፊያት መኪናዎች ላይ ትእዛዙን የሚሰጠው ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር መሣሪያ ነበር። መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ በዓይኑ ያየዋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጎ ይመልሰዋል። ዛሬ ትእዛዙን የሚሰጠው ኮምፒዩተር ነው።

ኮምፒዩተሩ ደግሞ ዓይን የለውም። ፒስቶኑ የት እንደደረሰ የሚነግረው ኸይሻን ክራንክ የሚባል አውራ ጣት የሚያህል መሣሪያ ነው። ከሞተሩ ጋር ከሚዞር ጥርስ ያለው ክብ ብረት አጠገብ ይቀመጥና ጥርሶቹን ይቆጥራል። በብዙ መኪናዎች ላይ ብረቱ የ60 ጥርስ ቦታ አለው፤ ሁለቱ ሆን ተብለው ተትተዋል። ክፍተቱ ባለፈ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ሞተሩ የት ላይ እንዳለ ያውቃል። ቆጠራው ካልደረሰው ግን ኮይሉን አያዝም፤ በብዙ መኪናዎች ቤንዚንም አይረጭም።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ይህን ይመስላል፤ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ሪሌይ፣ ከሞተሩና ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የኔጌቲቭ ገመድ፣ ኸይሻን፣ ኮምፒዩተር፣ ኮይል፣ ካንዴላ። ከእነዚህ አንዱ ቢበጠስ የሚታየው ነገር ያው ነው፤ እሳት የለም። ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ሐኪሙ ትኩሳቱን ለክቶ ብቻ መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ «እሳት የለም» ብሎ በቀጥታ ዕቃ የሚለውጥ ሰው ምርመራውን ገና አልጀመረም።

ከቤት ሳይርቁ የሚታዩ ምልክቶች

ኮፈኑን ሳይከፍቱ፣ አንዳች መሣሪያም ሳይዙ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ ያዳምጡ። ቁልፉ ሲዞር ቀጭ ብሎ ዝም የሚል ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ነገሩ የባትሪ ወይም የሞተሪኖ ነው፤ ሞተሪኖ እዚህ ስታርተር ይባላል። የዛሬው ርእሳችን እሱ አይደለም። ሞተሩ ከወትሮው ፈጥኖና ቀልሎ የሚዞር ከሆነ ግን ወዲያው ያቁሙ። ረጹዓት ታይሚንግ የሚሉት የሞተሩ ቺንጋ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደጋግሞ ማዞር የውስጥ ዕቃ ያጣምማል።

ቀጥሎ መብራቶቹን ይመልከቱ። ቁልፉን ሞተሩ ሳይዞር ባለበት ደረጃ ላይ ያቁሙት። ቢጫው የሞተር ሥዕል መብራት አለበት። ካልበራ ምናልባት ኮምፒዩተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፤ ይህም የፊውዝ፣ የሪሌይ ወይም የኔጌቲቭ ገመድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ፊውዝ የጥቂት ሼቄል ዕቃ ነው።

የቁልፍ ወይም የመኪናና የቁልፍ ሥዕል ያለበት መብራት ብልጭ ድርግም ካለ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም ማለት ነው። በዘመናዊ ቁልፍ ራስ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ፤ ኮምፒዩተሩ ያን ቺፕ ካላየ እሳት አይለቅም። በርካሽ የተቀረጸ ቁልፍ በሩን ሊከፍት፣ ሞተሩንም ሊያዞር ይችላል፤ ቺፕ ከሌለው ግን ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ጎታች መኪና ከመጥራትዎ በፊት ሁለተኛውን ቁልፍ ይሞክሩ።

የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ጠቋሚስ? ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር በብዙ መኪናዎች ላይ ጠቋሚው ትንሽ ይነቃነቃል። ዜሮ ላይ ደርቆ ከቀረ ኸይሻን ክራንክ ይጠረጠራል። በሁሉም መኪና ላይ እንዲህ አይደለም፤ ቢሆንም ለኤሌክትሪሻኑ መንገር ይጠቅማል። ቤንዚን ይሸት እንደሆነም ልብ ይበሉ። ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ ካለ ቤንዚኑ ይደርሳል፣ የሚጎድለው እሳቱ ነው። ሽታው ጨርሶ ከሌለና እሳትም ከሌለ ግን ሁለቱንም የሚያዘው አንድ ነገር ጠፍቷል፤ ኤሌክትሪኩ፣ ኸይሻኑ ወይም ቁልፍ የሚለየው ዘብ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሰዎች ሳይናገሩት የሚቀር። መኪናው ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ ይህን ሳይረሱ ይናገሩ። አርጅቶ ሙቀት የማይችል ኸይሻን እንዲህ ያደርጋል። መኪናው በጎታች ተጎትቶ ሙሳኽ ሲደርስ ቀዝቅዞ ስለሚነሳ «ምንም የለውም» ተብሎ ይመለሳል፤ ቤተሰቡም የጎታች ገንዘብ ከፍሎ ባዶ እጁን ይገባል።

ስለ ባትሪም ጥቂት እንበል። ያደረ ጤናማ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ10 ቮልት እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ሞተሩ ሊዞር ቢችልም ኮምፒዩተሩ ሊያንቀላፋ ይችላል። የደከመ ባትሪ የተቃጠለ ኮምፒዩተር መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ኮዳኒት የሚሉት ነገር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1990ዎቹ በዚህ አገር የመኪና ሌብነት በበዛ ጊዜ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለሙሉ ኢንሹራንስ ተጨማሪ መከላከያ እንዲገጠም ይጠይቁ ነበር። ከመሪው አጠገብ ያለችው ቁጥር የሚነካባት ትንሽ ሰሌዳ፣ ኮዳኒት የምትባለው፣ በዚህ ምክንያት ተስፋፋች። ባለቤቱ ቁጥሩን ካልነካ መኪናው አይነሳም። ቤተሰቦቻችን አቅማቸው በሚፈቅደው አሮጌ መኪና ላይ ዛሬም ትገኛለች።

ልብ ሊባል የሚገባው ኮዳኒት የፋብሪካ ዕቃ አለመሆኗ ነው። ገጣሚው ከመሪው ሥር ገብቶ የመኪናውን ሽቦ ይቆርጥና በራሱ ሣጥን ውስጥ አሳልፎ መልሶ ይቀጥለዋል። አንዱ የሞተሪኖውን ሽቦ ይቆርጣል፣ ሌላው የቤንዚን ፓምፑን፣ ሌላው የኮይሉን ወይም የኮምፒዩተሩን። የት እንደቆረጠ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ሌባ እንዳያገኘው ብሎ ይደብቀዋል። በፋብሪካው የሽቦ ሥዕል ላይ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ ሥዕሉን ብቻ ተከትሎ የሚመረምር ሰው መስመሩን ጤነኛ ነው ይላል፣ ከዚያም ጥፋቱን ወደ ኮምፒዩተሩ ይወስዳል።

እንግዲህ ይህ ቅጥል አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት በበጋ ሙቀት ውስጥ ሲኖር አስቡት። የተጠቀለለበት ፕላስተር ይደርቃል፣ መዳቡ ይዝጋል፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ሪሌይ ያረጃል። ባትሪ ሲለወጥ ወይም ቁጥሩ ደጋግሞ በስሕተት ሲነካም አንዳንዶቹ ሣጥኖች ራሳቸውን ይቆልፋሉ። ሌባን ለማቆም የተገጠመው ዕቃ ባለቤቱን ያቆመዋል።

በደቡብ ከሚገኙ ከተሞች በአንዱ የሚኖሩ አንድ አባት የገጠማቸውን እናንሳ። ነገሩ ወደ እኛ የመጣው በመኪና መልክ አልነበረም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ትምህርት ቤት መቅረት አብዝቷል ተብሎ ነው የተጠራነው። ቤታቸው ስንሄድ ልጁ መልስ አልሰጠንም፤ እናቱ «ከሰሞኑ እህል አልቀምስ ብሏል» አሉን። ቀስ እያለ ነው ታሪኩ የወጣው። ከከባድ ዝናብ በኋላ በአንድ ማለዳ መኪናው ሞተሩ እየዞረ አልነሳ አለ። አባት ዕብራይስጥ ገና ስላልያዙ ልጁን አስከትለው ወደ ሙሳኽ ሄዱ። የሙሳኹ ሰው መመርመሪያውን ሰካ፣ ቁጥር ወጣ፣ ብዙ ተናገረ። ልጁ ከተነገረው ውስጥ የያዘው «ማኽሼቭ» የምትለዋን ቃል ነበር፤ ማኽሼቭ ደግሞ ለእሱ የሚጫወትበት ነገር ነው። «አባ፣ ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል፣ ሌላ ግዛ ይላል» አለ። አባት ገዙ። ከፒሩክ፣ ከተፈታ መኪና የወጣ ኮምፒዩተር ነበር፤ ዋጋው ከወር ደመወዛቸው ከግማሽ በላይ ነው። ተገጠመ፤ መኪናው አልተነሳም። ከዚያ «ይህ ኮምፒዩተር ከቁልፉ ጋር መተዋወቅ አለበት፣ ለዚያም ክፍያ አለ» ተባለ። ይህንንም ያስተረጎመው ልጁ ነው። አባት ቤት ገብተው ዝም አሉ። ልጁ ግን የአባቱን ገንዘብ ያጠፋው እሱ በትክክል ስላልተረጎመ መሰለው።

አባትየው ግን አንድ ብልህ ነገር አድርገው ነበር። የተነቀለውን ኮምፒዩተር «የኔ ነው» ብለው በፌስታል ጠቅልለው ወደ ቤት ወስደውታል። በሌላ ሰው አማካይነት የመጣ ኻሽመላይ ሬኼቭ፣ የመኪና ኤሌክትሪሻን፣ መጀመሪያ የለካው ቁልፉ ተከፍቶ ወደ ኮይሉ የሚሄደው ሽቦ ኤሌክትሪክ ይኑረው አይኑረው ነው። አልነበረውም። ሽቦውን ወደ ኋላ እየተከተለ ሄደ፤ ከመሪው ሥር ኮዳኒቷ ሣጥን ላይ ደረሰ። የእግር ምንጣፉ ውኃ ይዟል፤ ከቅጥሎቹ አንዱ አረንጓዴ ሆኖ ዝጓል። ቆርጦ፣ አጽድቶ በወጉ ቀጠለው፤ በፌስታል ያለውን ኮምፒዩተር መለሰው፤ መኪናው ተነሳ። አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ የተከፈለውም የአንድ ሰዓት የእጅ ዋጋ ነው።

የመጀመሪያው ሙሳኽ ሆን ብሎ ዘርፏቸዋል ለማለት አንደፍርም። ቸኩሎ ይሆናል፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። የምናውቀው ግን ይህን ነው፤ ሽቦውን ሳይለካ ዕቃ ለወጠ፣ የተለወጠው ኮምፒዩተርም ከቁልፉ ጋር መተዋወቅ እንዳለበት ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መነገር ነበረበት። ፋብሪካው ራሱ የገጠመው የቁልፍ ዘብ ባለበት መኪና ላይ ከሌላ መኪና የመጣ ኮምፒዩተር የአዲሱን ጌታውን ቁልፍ አያውቅም፤ እስኪያስተዋውቁት ድረስ ዕቃው ደኅና ሆኖም እሳት አይሰጥም።

በመመርመሪያው ላይ የሚወጣው ቁጥር

ከ2001 ጀምሮ በአውሮፓ የሚሸጡ አዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖራቸው ተደርጓል። ሙሳኹ መሣሪያውን ሲሰካ ቁጥር ይወጣል። «ፒ 0335» ከወጣ የኸይሻን ክራንክ መስመር ነው፤ «ፒ 0351» ከሆነ የመጀመሪያው ኮይል መስመር። መስመር ማለታችንን ያስተውሉ። ቁጥሩ ኸይሻኑ ሞቷል አይልም፤ ከኸይሻኑ እስከ ኮምፒዩተሩ ባለው መንገድ ላይ አንድ ችግር አለ ነው የሚለው። በዚያ መንገድ ላይ ኸይሻኑ አለ፣ ሶኬቱ አለ፣ አይጥ የበላው ሽቦ ሊኖር ይችላል። ቁጥሩን አይቶ ሽቦውን ሳይለካ ዕቃ የሚለውጥ ሰው ይገምታል፤ ግምቱ በእርስዎ ገንዘብ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መመርመሪያው ከኮምፒዩተሩ ጋር መነጋገር ከቻለ ኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ ደርሶታል፣ ቢያንስ በከፊል ይሠራል። ጨርሶ ካልተነጋገረም «ተቃጥሏል» ከማለት በፊት የሚገባለትን ኤሌክትሪክና የኔጌቲቭ ገመዱን መለካት ይቀድማል። የጠየቅናቸው ባለሙያዎች ሁሉ በዚህ ተስማምተዋል።

የማይደረግ

ሰው መኪናው ሲቆምበት ይጨነቃል፣ ሲጨነቅም የሚያውቀውን ይሞክራል። በአገራችን የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ ወደ ሞተሩ ብረት አስጠግቶ እሳት ማየት የተለመደ ነበር። እዚህ አያድርጉት። የዛሬ ኮይል ኃይል የጥንቱን ይበልጣል፤ ሰው ይመታል፣ በአካባቢው ያለውን የቤንዚን ትነት ሊያቀጣጥል ይችላል፣ መውጫ ሲያጣም ራሱን ኮይሉን ወይም የሚያዘውን ኤሌክትሮኒክስ ሊያበላሽ ይችላል። በተለይ የልብ መምቻ መሣሪያ የተገጠመላቸው አባቶችና እናቶች ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተር በሚሞከርበት ቦታ አይቅረቡ። ኤሌክትሪሻኑ እሳት የሚያይበት ርካሽ መሞከሪያ አለው።

መግፋትም አይጠቅምም። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ ተገፍቶ አይነሳም። ማንዋል ቢሆንም እሳት ለሌለው መኪና መግፋት እሳት አያመጣለትም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው እየሄደ እዚያ ያለውን ውድ የጭስ ማጣሪያ ሊያበላሽ ይችላል። ሞተሪኖውንም ከአሥር ሰከንድ በላይ አያስጩኹት፤ ደቂቃ ያህል ያሳርፉት።

ኮዳኒቷን ነቅሎ መጣልም የራሱ ጣጣ አለው። ሙሉ ኢንሹራንስ ካለዎት ፖሊሲው መከላከያ እንዲኖር የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ቢሰረቅ ካሳውን ሊያጡ ይችላሉ። መጀመሪያ የኢንሹራንስ ወኪሉን ይጠይቁ፤ የተፈቀደ ከሆነም የሚያስወጣው ባለሙያ ይሁን። ግዴታ የሆነው ቢቱዋኽ ኾቫ ለሰው ጉዳት ነው፤ የጎታች አገልግሎት በፖሊሲዎ ውስጥ መኖሩን ለይተው ያረጋግጡ፤ ካለ ጎታችን ከኪስ መክፈል ላያስፈልግ ይችላል።

ልጆቻችን የሚገጥሙት ሌላው ኮምፒዩተር

ከሠራዊት የተመለሱ አንዳንድ ወጣቶቻችን አሮጌ መኪና ገዝተው የፋብሪካውን ኮምፒዩተር አውጥተው በላፕቶፕ የሚስተካከል ሌላ ኮምፒዩተር ይገጥማሉ። ወላጆች «ልጃችን ሌሊቱን ሙሉ መኪና ሥር ነው» ብለው ሲያማርሩ ሰምተናል። እኛ እንደ ጥፋት አናየውም፤ ሙያ የሚወጣበት ነገር ነው። ግን እሳት እንቢ ሲል ልጁ ዕቃ እየገዛ እንዳይከስር የሚከተለውን አንብቡለት።

በእንዲህ ዓይነቱ ሥራ እሳት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ስለሞተ አይደለም፤ ያልተነገረው ነገር ስላለ ነው። የጥርሱ ቁጥርና የጎደለው ጥርስ ብዛት በላፕቶፑ ላይ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ መጻፍ አለበት፤ 36 ጥርስ ሆኖ አንድ የጎደለውን «60 ሲቀነስ 2» ብሎ ከጻፈ ኮምፒዩተሩ ይቆጥራል እንጂ አይገባውም። ሁለት ሽቦ ያለው ማግኔታዊ ኸይሻን ሽቦዎቹ ከተገላበጡ ምልክቱ ይዛባል። ኮይሎችም ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ማቀጣጠያ ኤሌክትሮኒክሱ በውስጡ ያለ፣ ሌላው ለብቻው የሚፈልግ። የኋለኛውን ለደካማ ምልክት በተሠራ መውጫ ላይ በቀጥታ ማሰር እሳት አይሰጥም፤ መውጫውንም ሊያቃጥል ይችላል። የእሳቱ ትእዛዝ በላፕቶፑ ላይ ተገልብጦ ከተመረጠ ኮይሉ ቁልፉ እንደተከፈተ መሞቅ ይጀምራል፤ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ኮይል ካለ ወዲያው ቁልፉን ይዝጋ። ሞተሩ በሞተሪኖ ሲዞር ላፕቶፑ ላይ የዙር ቁጥር ይታያል ወይ? ልጁ መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ ይህ ነው። ዜሮ ከሆነ ኮይልና ካንዴላ ላይ ጊዜውን አያባክን፤ ወደ ኸይሻኑ ይሂድ።

መኪናው መንገድ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን እንዲህ ያለ ለውጥ በዓመታዊው ቴስትና በኢንሹራንሱ ላይ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ከመገጠሙ በፊት ፈቃድ ያለው ሙሳኽ ይጠየቅ።

ከሙሳኹ ጋር ሲነጋገሩ

ሙሳኽ ከሚስራድ ሃታኽቡራ፣ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር፣ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በ2016 የወጣው የመኪና አገልግሎቶች ፈቃድ ሕግ ይህን ይደነግጋል። ፈቃዱን ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። እሳት ለጠፋበት መኪና በኤሌክትሪክ የሠለጠነውን፣ ኻሽመላይ ሬኼቭን ይፈልጉ።

የሚከተሉትን ቃላት በወረቀት ጽፈው መኪናው ውስጥ ያኑሩ፤ ዕብራይስጥ የሚጽፍ ሰውም በጎናቸው ይጻፍልዎ።

«ሃማኖዓ ሚስቶቬቭ አቫል ሎ ማትኒዓ»፤ ሞተሩ ይዞራል ግን አይነሳም።
«ዬሽ ኮዳኒት ባኦቶ»፤ መኪናው ላይ ኮዳኒት አለ። ይህን ሳይጠየቁ ይናገሩ።
«ማ ባዳክቴም?»፤ ምን ምን መረመራችሁ?
«ሊፍኔ ሼማኽሊፊም ኼሌክ፣ ታጊዱ ሊ ካማ ዜ ኦሌ»፤ ዕቃ ከመለወጣችሁ በፊት ዋጋውን ንገሩኝ።
«አኒ ሮጼ ኤት ሃኼሌክ ሃያሻን»፤ አሮጌውን ዕቃ እፈልጋለሁ። ሴት ከሆነች «ሮጻ» ትበል።

«ኮምፒዩተሩ ነው» ከተባሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገባው ኤሌክትሪክ ተለክቷል ወይ፣ አዲሱን ከቁልፉ ጋር የማስተዋወቁ ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ። መልሱን በሃጻዓት መኺር ላይ፣ ማለት በዋጋ ማቅረቢያው ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ ይበሉ። ጨዋ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም። ከተቆጣም መኪናውን ወደ ሌላ ለመውሰድ በቂ ምክንያት አለዎት።

አስተርጓሚው ልጅዎ አይሁን። ልጆቻችን ቋንቋውን ከእኛ ፈጥነው ይይዛሉ፤ ነገር ግን የትምህርት ቤት ዕብራይስጥና የሙሳኽ ዕብራይስጥ ይለያያሉ፣ የአባትን ገንዘብ የማስወሰን ሸክምም ለአሥራ አንድ ዓመት ትከሻ ከባድ ነው። ከላይ ያነሳነው ልጅ ወደ ትምህርቱ የተመለሰው መኪናው ስለተነሳ ብቻ አልነበረም፤ አባቱ አስቀምጠው «አንተ የሰማኸውን ነገርኸኝ፣ የወሰንሁት እኔ ነኝ» ካሉት በኋላ ነው። ቋንቋ የሚያውቅ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ወይም ዘመድ በስልክም ቢሆን ያስተርጉምልዎ። ሰው ካጡ ወደ ቢሯችን ይምጡ።

ሲከፍሉ ኸሽቦኒት ይቀበሉ፤ የተለወጠው ዕቃና የእጅ ዋጋው ተለይተው ይጻፉ። ገንዘብዎን በከንቱ ከፍያለሁ ብለው ካመኑ ቤት ሚሽፓት ለትቪዖት ክታኖት የሚባለው የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት አለ፤ በዚያ ሰው እንደ ደንቡ ያለ ጠበቃ ራሱ ቀርቦ ይናገራል። እዚያ የሚያስፈልግዎ ወረቀት ነው፤ የዋጋ ማቅረቢያው፣ ኸሽቦኒቱ፣ ችግሩን ያገኘው ሁለተኛው ባለሙያ የጻፈው፣ ከተቻለም አሮጌው ዕቃ።

መኪና ገና ሊገዙ ያሰቡ ደግሞ ከመሪው ሥር ቁጥር ያላት ሰሌዳ ካዩ የሻጩን ኮድ ብቻ ተቀብለው አይሂዱ። ኮዱ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ከተቆለፈ እንዴት እንደሚከፈት፣ ከተቻለም ማን እንደገጠማት የሚናገረውን ወረቀት ይጠይቁ። ሁለቱንም ቁልፎች እዚያው ሞክረው፣ ሞተሩ በሁለቱም ሲነሳ አይተው ገንዘቡን ይስጡ።